«መሰማት እፈልጋለሁ»

ዌይድ ቶሊቨር መድኃኒት ቤቱን ሳይረግጥ ዛሬ አስራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ኮሪን ሃስኬት «አልቆጠርኩም» ትላለች፤ ቆጥራለች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ልክ የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ የብየዳ ጓንቱን የኋላ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ እየመጣ አንድ ከረጢት የጉሮሮ ከረሜላ ሲገዛ ነበር። ጉሮሮው ደህና ነው። እስከ ዛሬ የገዛው ከረሜላ አንድ የመዘምራን ቡድን ከነአሠልጣኙ ክረምቱን ያሻግራል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። ስለ አየሩና ስለ ወንዙ መሙላት ትንሽ ያወራሉ፣ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፣ እሱ ቀድሞ ዓይኑን ይሰብርና የበሩን ደወል እያቃጨለ ይወጣል። ስለዚያ እሑድ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

ያን እሑድ ካልነገርኳችሁ ነገሩ ሁሉ ይምታታባችኋል፤ ኮሪንን እንዳምታታት።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ኮሪን አስራ ሰባት፣ ዌይድ አስራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አባቷ ሎዌል ሃስኬት ኦሃዮ ወንዝ ላይ ላለችው ለሎንግ ቤንድ ከተማ ብቸኛው ፋርማሲስት፣ ለቤተ ክርስቲያኗም ሽማግሌ ነበሩ። ዌይድ ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ምንጣፉን አጥር ላይ ከሚያሰጣው ሰፈር ነው። እናቷ ሌኖራ ያን ሰፈር በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ ነዋሪዎቹን «ታች ያሉት» ነው የሚሏቸው።

ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒ ላይ ትሠራለች፤ ልጁ የአያቱን የደም ግፊት መድኃኒት ሊወስድ ይመጣል። የተዘጋጀ መድኃኒት በነጭ የወረቀት ከረጢት ገብቶ፣ በስቴፕለር ተመትቶ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ በቤተሰብ ስም የፊደል ተራ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ኮሪን የአያትየውን ስታዘጋጅ ሁለተኛ ከረጢት ትጨምርለት ጀመር። ከረጢቱ ባዶ ነው። መልእክቱ ያለው ላዩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ነው፤ አጻጻፉም የመድኃኒት ማዘዣ ነው። «የታካሚ ስም፦ ዌይድ። አወሳሰድ፦ ፈገግታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ማስጠንቀቂያ፦ አባቴ ፊት አይወሰድ።» እሱም በዚያው መንገድ ይመልሳል። የሁለቱ የፍቅር ደብዳቤ ይኸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ ኮሪን የኋላውን በር ሆን ብላ ሳትቆልፍ ተወችው። ነገ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ እሱ በኋላ በር ገብቶ ሊጠብቃት፣ እሷም ከመጀመሪያው መዝሙር በኋላ ሹልክ ብላ ልትመጣ ተቀጣጠሩ። በማግስቱ ብቻዋን የምትዘምረው ሴትዮ ታማ ቀረች። ሌኖራም ልጃቸውን ክንዷን ይዘው ወደ መድረኩ ገፏት። ኮሪን ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆማ ስትዘምር፣ ሁለት መንገድ ወዲያ አንድ ፖሊስ የኋላው በር ገርበብ ማለቱን አይቶ ገባና ዌይድን ከባንኮኒው ጀርባ አገኘው።

«መድኃኒት ሊሰርቅ ሲል ተያዘ» አሏት አባቷ ከምሳ በኋላ። በሩን ማን ከፈተው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሰብሮ ነው የገባው ተባለ፣ አለቀ። ኮሪን ልትናገር አፏን ከፈተች። የአባቷን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው። በሳምንቱ ኢንዲያና፣ አክስቷ ዘንድ ተላከች። ዌይድ «ለምን ገባህ?» ሲባል አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ለከተማው ሰው ሁሉ የክኒን ሌባ ነው።

ኮሪንን አስራ አንድ ዓመት ሲበላት የኖረው ጥያቄ አንድ ነው። ዌይድ የመጣው ለእሷ ነበር ወይስ ለክኒኑ? ለእሷ ከሆነ ከባንኮኒው ጀርባ ምን ሊሠራ ገባ? ለክኒኑ ከሆነ ደግሞ እነዚያ ሁሉ ከረጢቶች ምን ነበሩ? ፋርማሲ ተምራ ጨረሰች፣ አባቷ ባለፈው ክረምት ሲሞቱ ሱቁን ልትረከብ ተመለሰች፣ ጥያቄው አብሯት ሄዶ አብሯት ተመለሰ። ዌይድ ከረሜላ ሊገዛ ሲገባ ልቧ ይዘላል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ የመድኃኒት ቁምሳጥኑ መቆለፉን በዓይኗ ታረጋግጣለች። በዚህም ራሷን ትጠላለች።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደብዳቤ መጣላት። ዌይድ ቶሊቨር የወንጀል መዝገቡ ማንም እንዳያየው እንዲታሸግለት ለአውራጃው ፍርድ ቤት አመልክቷል ይላል። የሱቁ ባለቤት እሷ ስለሆነች «ተበዳይ» የተባለችው እሷ ናት። ከታች ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «መቅረብ አልፈልግም»፣ ሌላው «መሰማት እፈልጋለሁ» ይላል። ኮሪን አላመነታችም። ስለ በሩ መናገር ነበረባት፤ ሊሰማት የሚፈልግ ፍርድ ቤት ደግሞ ይኸው ተገኘ። ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገችና በዚያው ቀን ፖስታ ቤት አስገባችው።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ዌይድ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። በአስረኛው ቀን በበሩ ሥር የተጣለ ወረቀት አገኘች።

«ኮሪን፤ የላክሽውን ወረቀት አሳዩኝ። አልፈርድብሽም፤ የአባትሽ ሱቅ ነው። ችሎት ላይ ያሰብሽውን ሁሉ ተናገሪ፤ እኔ መልስ አልሰጥም። ከረሜላውም ይበቃኛል። ዌይድ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያ ወረቀት ምን ክፋት አለው? የማይፈርድባት በምኑ ነው? ሊናገር የማይደፍረው ነገር አለው ማለት ነው? ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ አወጣች፣ እንደገና አነበበች። ባንኮኒው ላይ ሳል የያዛቸው አንድ ሽማግሌ ሲጠብቋት ቆይተው «ልጄ፣ እኔ ልሙት ወይስ ታስተናግጂኛለሽ?» አሏት። ይቅርታ ጠይቃ የጉሮሮ ከረሜላ ሰጠቻቸው፤ እጇ የሄደው ወደዚያ ነበር።

በችሎቱ ቀን እናቷ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መኪናው ውስጥ ጠበቋት።

«እማዬ፣ አንቺ መምጣት የለብሽም።»

«ብቻሽን አልተውሽም» አሉ ሌኖራ ጓንታቸውን እያስተካከሉ። «ከታች ካሉት ፊት ለፊት መቆም ቀላል አይደለም። አባትሽ ቢኖር ይኮራብሽ ነበር።»

ኮሪን ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን ሌኖራ መስኮቱን ከፍተው ለሰው ሰላምታ እየሰጡ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፈርን በመስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ መነጽሯን በአፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ ኮሪንን አየቻት። ፈርን ለከተማው ልጆች ሁሉ አክስት ነኝ ባይ ናት።

«መጣሽ? ጎበዝ። ያ ልጅ እኮ ወረቀትሽን ስናሳየው ፊቱ አመድ መሰለ። ‹በእርግጥ እሷ ናት የፈረመችው?› ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።»

«ለምን አመድ ይመስላል? ልደግፈው እኮ ነው የመጣሁት።»

ፈርን መነጽሯን አወለቀች። «ምን አልሽ?»

«ወረቀቱ ላይ መሰማት እፈልጋለሁ ነው ያልኩት።»

«አንቺ ልጅ!» ፈርን ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። የማይቃወም ሰው ያቺን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ነው የሚጥላት። ያንን ሳጥን ሞልቶ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ሊቃወም ነው። ዐቃቤ ሕጉም አይቶ ወዲያው ተቃውሞ አስገባ። ከተማው ሁሉ ኮሪን ሃስኬት ልታስከለክለው ነው እያለ ነው።»

ኮሪን የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። የእናቷ ኩራት፣ የዌይድ መጥፋት፣ «አልፈርድብሽም» ያላት ነገር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። ሮጣ ልትነግረው ዞር ስትል በሩ ተከፍቶ የዌይድ ስም ተጠራ። ኮሌታው ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ለብሶ ባጠገቧ አለፈ። አንድ ጊዜ ብቻ አያት። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ግን ቁጣ አልነበረም፣ ምን እንደነበረም ማወቅ አቃታት።

ዳኛ ፕሩት ነጭ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። «ለምን አሁን?» አሉ ዌይድን።

«የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ብየዳ እንዳስተምርለት ይፈልጋል፣ ክብርት ዳኛ። መዝገቡ እያለ ግን ተማሪዎች ካሉበት ክፍል አያስገቡኝም። እስከ ነሐሴ ነው የሚጠብቁኝ።»

ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ተነሣ። «ተበዳይዋ መሰማት ፈልጋለች። ስለዚህ ማመልከቻውን እንቃወማለን። አመልካቹ ለምን እንደገባ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ገብቶ የተገኘው መድኃኒት ቤት ነው፤ የሚገመተውም የታወቀ ነው።»

ዳኛዋ ወደ ዌይድ ዞሩ። «አቶ ቶሊቨር፣ ለምን ገባህ?»

ዌይድ ጠረጴዛውን አየ። «ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። መልስ ካልሰጠኸኝ ማመልከቻህን ውድቅ ላደርገው እችላለሁ። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

ኮሪን ጀርባውን እያየች ደሟ ፈላ፤ ያዘነችለትም የተናደደችበትም መሆኗን መለየት አልቻለችም። ሰው ለክኒን ብሎ እንዲህ ዝም ይላል? ወይስ ሰው እንዲህ ዝም የሚለው እውነቱ ክኒን ስለሆነ ነው? ስሟ ሲጠራ እግሮቿ ከሐሳቧ ቀድመው አቆሟት።

«ልቃወም አልመጣሁም» አለች። «በሩን አልሰበረም። እኔ ነኝ ክፍቱን የተውኩለት።»

«ኮሪን!» አሉ ሌኖራ ከኋላ። «ቁጭ በይ!»

«አልቀመጥም፣ እማዬ። ቅዳሜ ሱቁን ስዘጋ ሆን ብዬ ሳልቆልፍ ተውኩት። እንዲመጣ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ዌይድ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ይህን ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ለምን አልተናገርሽም?» አሉ ዳኛዋ።

«አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴን ፈራሁ። ከዚያ አስራ ስምንት ሞላኝ፣ ከዚያ ሃያ፣ በየዓመቱ መናገሩ እየከበደኝ ሄደ። ደግሞም ለምን እንደመጣ እርግጠኛ አልነበርኩም። ለእኔ መጥቶ እንደሆነ፣ ለመድኃኒቱ መጥቶ እንደሆነ። አሁንም አላውቅም።»

«ሳታውቂ ነው የምትመሰክሪለት?»

«ለመድኃኒቱ መጥቶም ቢሆን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሰብሮ ገባ የሚለው ውሸት ነው። ውሸቱ ደግሞ የእኔ ዝምታ ነው።»

ዳኛዋ ያረጀውን መዝገብ ወደ ራሳቸው ሳቡና ገጾቹን ይገልጡ ጀመር። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው መዝገብ ማንም አያነበውም» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ፖሊሱ የጻፈው ዝርዝር ይኸውና። የተያዘበት ቦታ፦ ከባንኮኒው ጀርባ፣ የተዘጋጁ መድኃኒቶች መሳቢያ አጠገብ፤ ‹ሃ› ፊደል። የመድኃኒት ቁምሳጥን፦ ተቆልፏል፣ አልተነካም። በእጁ የተገኘ፦ አንድ ነጭ የመድኃኒት ከረጢት፣ ውስጡ ባዶ። ላዩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ...»

ዳኛዋ አነጋገራቸው ደረቅ ነው። እንዲያ በደረቁ ማንበባቸውን ቀጠሉ።

«‹የታካሚ ስም፦ ኮሪን ሃስኬት። አወሳሰድ፦ አንድ የእግር ጉዞ፣ በወንዙ ዳር፣ በየቀኑ፣ ከእራት በኋላ። ድጋሚ መውሰድ፦ ያለ ገደብ።›»

መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ለሰለሰ። ኮሪን ወንበሩን ጨበጠች። በ«ሃ» መሳቢያ። ሃስኬት። የእሷ መሳቢያ። ከባንኮኒው ጀርባ የገባው ደብዳቤዋን ቦታው ላይ ሊያኖርላት ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መልሱ እዚህ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሦስት መንገድ ርቆ፣ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል!

«ከረጢቱን የሱቁ ባለቤት ተረክበዋል ይላል» አሉ ዳኛዋ። «ፊርማ፦ ሎዌል ሃስኬት።»

አባቷ አንብበውታል ማለት ነው። አንብበውት፣ የማን ስም እንዳለበት አይተው፣ ቤት ገብተው «መድኃኒት ሊሰርቅ ሲል ተያዘ» ብለዋታል። ኮሪን ልትቆጣቸው ሞከረች፤ ፊታቸው ላይ በዚያ ቀን ያየችው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት እንደነበር አሁን ገባትና ቁጣውም አልሆን አላት። ከኋላዋ የእናቷ ቦርሳ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያነሣው የለም።

ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ጆሮው ቀልቶ ተነሣ። «ተቃውሟችንን ትተናል፣ ክብርት ዳኛ።»

«መተው ነበረባችሁ» አሉ ዳኛዋ። «ጥፋተኛ የተባለው በትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ አቤቱታ ነው፤ ዛሬ ፊቴ ያለው አንድ ብቻ ነው። ማመልከቻውን ተቀብያለሁ። መዝገቡ ይታሸግ። አቶ ቶሊቨር፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር በሕግ ፊት እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ማንም ቢጠይቅህ አልሆነም ብለህ መመለስ ትችላለህ።»

«ክብርት ዳኛ!» ኮሪን ሳታስበው ጮኸች። «ያቺ ጽሑፍስ? የከረጢቷ?»

«መዝገቡ ውስጥ ያለ ሁሉ አብሮ ይታሸጋል።»

ከረጢቱ የት እንደደረሰ የሚያውቁት አባቷ ሞተዋል። የቀረችው ፖሊሱ የገለበጣት ያቺ መስመር ብቻ ነበረች። ፈርን መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ በጎን በር ስትወጣ ኮሪን በዓይኗ ሸኘችው። ደስ ብሏታል። ከዚያው ደስታ ጋር አንድ ሰው ውድ ዕቃዋን ቀምቷት የሄደ መሰላት። እንባዋ መጣ፣ ለየትኛው እንደሆነ ሳታውቅ።

ኮሪደሩ ላይ ሌኖራ ጠበቋት። ባንድ እጃቸው ብቻ ጓንት አጥልቀዋል። ልጃቸውን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

«ያን እሑድ ወደ መድረኩ የገፋሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

መልስም ሳይጠብቁ «መኪናው ውስጥ ነኝ» ብለው የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ወረዱ። ሁለተኛውን ጓንት ወለሉ ላይ ጥለውት ነበር፤ ዌይድ ጎንበስ ብሎ አነሣውና ይዞት ቆመ።

«እኔ እኮ ፖሊሱን አንቺ የላክሽው መስሎኝ ነበር» አለ።

«እኔ?»

«አንቺ ቀረሽ፣ እሱ መጣ። ሐሳብሽን ቀይረሽ ለአባትሽ የነገርሽ መሰለኝ። ያንን ሳጥን ሞልተሽ ስትልኪ ደግሞ፣ አዎ፣ ያኔም እሷ ናት አልኩ።»

«እየዘመርኩ ነበር፣ ዌይድ! እማዬ መድረክ ላይ አቁማኝ። ሁሉንም ስንኝ፣ ከነአዝማቹ!»

ዌይድ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ እሷም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ታዲያ እኔ ያስያዝኩህ ከመሰለህ ለምን ዝም አልክላቸው? እሷ ናት በሩን የከፈተችልኝ ብትል ያኔውኑ ይለቁህ ነበር።»

«ብታስይዢኝስ?» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «አስራ ሰባት ዓመትሽ ነበር።»

ኮሪን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ያጠፋችውን ሁሉ ይቅር ያላት ሳትጠይቀው፣ ጥፋቷ ሌላ ነው ብሎ እያሰበ ነው።

«አሁን እንግዲህ አልሆነም ተብሏል» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በሩን አልከፈትኩም ማለት ነው?»

«በሕግ ፊት? አልከፈትሽም።»

«አንተም አልመጣህም።»

«ኧረ እኔ መጥቻለሁ!»

ዓይኗን እንደ ልማዱ ይሸሻል ብላ ጠበቀች፤ አልሸሸም። የቸገራት እሷን ነው። ሲቸግራት ደግሞ ወደ ሙያዋ ነው የምትሮጠው።

«የሐኪም ማዘዣ ከአንድ ዓመት በኋላ አይሠራም» አለች። «ጊዜው አልፎበታል።»

«ያለ ገደብ ይላል እኮ።»

«ያለ ገደብ የሚባል ድጋሚ የለም። ማንም ፋርማሲስት ጠይቅ።»

«እየጠየቅኩ ነው» አለ ዌይድ።

የእናቷን ጓንት አንድ ጊዜ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። ብረት በሚያቀልጥ እጁ ውስጥ ትንሽ ነገር ነበር። ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ የሌኖራ መኪና ሞተር ሲነሣ ተሰማ፤ ግን አልሄደም፣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«ማዘዣው ከእራት በኋላ ነው የሚለው፤ እናትሽ እራት ስንት ሰዓት ነው የምታቀርበው?» አላት።

ኮሪን መለሰችለት። ድምፅ ግን አልወጣትም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። እሱ ግን ሰማት።